ሲጠራ አቤት የማይል ዋቢ

ለ፦ በትምህርት ሚኒስቴር የከፍተኛ ትምህርት ዘርፍ ኃላፊዎች እና ለዩኒቨርሲቲዎቻችን ሴኔቶች

ጉዳዩ፦ ተማሪዎች ከኢንተርኔት ምንጭ መፈለግን፣ መመዘንንና መጥቀስን ከመጀመሪያው ዓመት ጀምሮ እንዲማሩ ስለመጠየቅ

ክቡራን፣

የምሠራው በአንድ የመንግሥት ዩኒቨርሲቲ ቤተ መጻሕፍት፣ ዲጂታል ክፍል ውስጥ ነው። መስከረምና ጥቅምት ጠረጴዛዬ አካባቢ ሰው የለም። ሚያዝያ ሲገባ ግን ወረፋ ነው። የጂሲ (ተመራቂ) ተማሪዎች ፍላሻቸውን ይዘው ይመጣሉ። ጥያቄያቸው አንድ ነው፦ «ጋሼ፣ ሪፈረንሱን በኤፒኤ ያስተካክሉልኝ።» ኤፒኤ የምንጭ አጻጻፍ ሥርዓት ነው።

ባለፈው ዓመት አንዲት ልጅ መጣች። የመመረቂያ ጽሑፏ ስለ አነስተኛ መስኖ ነው። ጎበዝ መሆኗ ከአነጋገሯ ያስታውቃል። ገበሬዎቹን ቀበሌ ድረስ ሄዳ ራሷ አነጋግራለች። መጠይቁን ያስሞላችው ጭቃ እየረገጠች ነው። ዝርዝሯ ላይ 31 ምንጭ አለ። ነጥቡንና ነጠላ ሰረዙን ከማስተካከሌ በፊት፣ እንደ ልማዴ፣ አንዱን ልክፈተው አልኩ። ርዕሱን የጥናት ጽሑፎች መፈለጊያው ጉግል ስኮላር ላይ ጻፍኩት። የለም። መጨረሻው ላይ የተቀመጠውን የዲኦአይ ቁጥር (የጽሑፉን የኢንተርኔት መለያ) አስገባሁ። አይሠራም። መጽሔቱ አለ፤ ቅጹም አለ። ቅጹን ከፍቼ የተባለው ገጽ ላይ ስደርስ ግን ስለ በቆሎ ተባይ የሚያወራ የሌላ ሰው ጽሑፍ መሃል ገባሁ። ሁለተኛውን ሞከርኩ። እሱም የለም። አንድ ሰዓት ተኩል ፈጀብን። ከ31ዱ 9ኙ ጨርሶ ተጽፈው የማያውቁ ጽሑፎች ነበሩ።

«ይህን ከየት አመጣሽው?» አልኳት።

«ቻትጂፒቲ ነው የሰጠኝ።»

ለመደበቅ አልሞከረችም። የሚደበቅ ነገር እንዳለው አላወቀችማ። ስክሪኑን አየችና ዝም አለች። ቆይታ «ጋሼ፣ አራት ዓመት ስማር እንዲህ ከፍቶ ያሳየኝ ሰው የለም» አለችኝ። ዓይኗ እንባ አቅርሮ ነበር። ዲፌንሷ፣ ጽሑፏን ፈታኞች ፊት የምታቀርብበት ቀን፣ ሊደርስ 11 ቀን ቀርቶታል።

ይህን ደብዳቤ ያስጻፈችኝ እሷ ናት። ነገሩ ግን በእሷ አልተጀመረም፤ በቻትጂፒቲም አልተጀመረም። እኔ የተመረቅሁት በ1996 ዓ.ም. ነው። ጉግል ስኮላር ገና አልተፈጠረም። እኛ ሪፈረንስ የምናገኘው ቀደም ያሉት ባቾች ካስገቧቸው ጽሑፎች ጀርባ ነበር። መደርደሪያው ላይ ሄደን፣ ርዕሱ የሚቀርበንን አውርደን፣ የኋላውን ገጽ በእጃችን እንገለብጥ ነበር። ሁሉም እንዲያ ያደርግ ስለነበር ነውር መሆኑ አልታየኝም። ዲፌንስ ላይ ፈታኙ አንዱን ምንጭ በጣታቸው ነክተው «ይህን ጥናት አንብበኸዋል?» አሉኝ። «አዎ» አልኩ። «ስንት ገጽ ነው?» ዝም። በኋላ ቢሯቸው ወስደው አሳዩኝ። እኔ «ጥናት» ብዬ ለአንድ ትልቅ መከራከሪያ መሠረት ያደረግሁት ነገር የመጽሐፍ ግምገማ ነበር። ሁለት ገጽ። እኔ ያልኩትንም አይልም። ከእኔ በፊት የነበረው ተማሪ ሳያነብ ጠቅሶታል፤ ከእሱ በፊት የነበረውም እንዲሁ። እኚያ መምህር ባይቆጡኝ ኖሮ ዛሬ ይህን ሥራ የምሠራ አይመስለኝም።

በአማርኛችን የጽሑፍ ማስረጃን «ዋቢ» እንለዋለን። ዋቢ ማለት ዋስ ማለት ነው። ዋስ የሚሆን ሰው ስሙ ብቻ አይበቃም። ሲጠራ አቤት ይላል፤ ቀርቦም ቃሉን ይሰጣል። ተማሪዎቻችንን ያስተማርናቸው ግን የዋሱን ስም አጻጻፍ ብቻ ነው፤ የአባት ስም የት እንደሚገባ፣ ዓመቱ በቅንፍ እንደሚጻፍ፣ የመጽሔቱ ስም ዘመም እንደሚል። ዋሱን ሄዶ ማግኘትን አላስተማርናቸውም። ቻትጂፒቲ ደግሞ በደንብ የሚችለው ያንኑ ቅርጹን ነው። ከቃል ቀጥሎ የትኛው ቃል ቢመጣ ያስኬዳል እያለ ነው የሚጽፈው። የሪፈረንስ አጻጻፍ ሁሌ አንድ ዓይነት ስለሆነ፣ አምሳያውን ማውጣት ለእሱ ቀላል ነው። ቅርጹን ብቻ ስንጠይቅ ኖረን አሁን ቅርጽ የሚያመርት ማሽን መጣ።

ይህ የእኛ አገር ልጆች ድክመት ብቻ አይደለም። እ.ኤ.አ. በ2023 ኒው ዮርክ ውስጥ ጠበቆች አቪያንካ በተባለው አየር መንገድ ላይ በቀረበ ክስ 6 የሌሉ የፍርድ ውሳኔዎችን ጠቅሰው ለፍርድ ቤት አስገብተዋል። ውሳኔዎቹን የፈጠረላቸው ቻትጂፒቲ ነበር። ዳኛው 5,000 ዶላር ቀጧቸው። የዓመታት ልምድ ያላቸው ጠበቆች ከተሳሳቱ የ22 ዓመት ልጅ ቢሳሳት አይገርምም። የሚገርመው እኛ ዝም ማለታችን ነው።

አንዳንድ ቦታ መፍትሔው የመመሳሰል መለኪያ ሶፍትዌር መግዛት ተደርጎ ይታያል። ሶፍትዌሩ ኮፒ ፔስትን ይይዛል፤ ጥሩ ነው። የሌለን ጽሑፍ ግን አይይዝም። እንዲያውም ተፈልስፎ የገባ ምንጭ ከማንም ጋር ስለማይመሳሰል ንጹህ ሆኖ ያልፋል። የዚያች ልጅ ጽሑፍም የመመሳሰል ፈተናውን አልፎ ነበር።

ታዲያ ምን ይማሩ? አንድ ነገር በዝርዝር ላንሳ፤ ትልቁ ቁም ነገር እሱ ይመስለኛል።

እ.ኤ.አ. በ2017 የስታንፎርድ ዩኒቨርሲቲዎቹ ሳም ዋይንበርግ እና ሳራ ማክግሩ አንድ ጥናት አወጡ። 10 የታሪክ ምሁራን፣ 10 ሐቅ አጣሪዎች እና 25 የስታንፎርድ ተማሪዎች ኮምፒውተር ፊት ተቀምጠው ድረ ገጾችን እንዲመዝኑ ተደረገ። ከቀረቡላቸው መካከል ስማቸው የሚመሳሰል የሁለት የሕፃናት ሐኪሞች ማኅበራት ገጾች ነበሩ። አንዱ በአሥር ሺህ የሚቆጠሩ አባላት ያሉት አንጋፋ ማኅበር ነው። ሌላው ከእሱ ተገንጥሎ የወጣ ትንሽ ቡድን ነው። ከተማሪዎቹ የሚበዙት ትንሹን የበለጠ አመኑት። ገጹ ያምራል፤ ጽሑፉ በርዕስ በርዕስ ተከፋፍሏል፤ ሪፈረንስም አለው። ከታሪክ ምሁራኑ መካከልም የተሸወዱ ነበሩ። ሐቅ አጣሪዎቹ ግን አልተሳሳቱም። ያደረጉት ነገር ቀላል ነው። ገጹ ላይ ብዙ አልቆዩም። ሌላ ታብ ከፍተው «እነዚህ ሰዎች እነማን ናቸው?» ብለው ሌላ ቦታ ጠየቁ።

ይህን ለተማሪዎች ሳስረዳ የጋብቻ ሽማግሌ እጠቅሳለሁ። ልጅሽን ለልጄ ተብሎ ሽማግሌ ሲላክ ቤተሰቡ ሙሽራውን ራሱን «ጥሩ ሰው ነህ ወይ?» ብሎ አይጠይቅም። ጎረቤት ይጠይቃል። የእድር ሰው ይጠይቃል። የሥራ ባልደረባውን በዘወርዋራ ያጣራል። ድረ ገጽም እንዲሁ ነው። ስለ ራሱ «ስለ እኛ» በሚለው ገጽ የጻፈው የሙሽራው የራሱ ቃል ነው። ጎረቤቱን ጠይቁ እላቸዋለሁ። ወዲያው ይገባቸዋል። ሐቅ አጣሪውን ኢትዮጵያ ቼክን ቴሌግራም ላይ የሚከታተሉ ልጆች አሉ፤ የተሰራጨ ፎቶ እንዴት እንደሚጣራ ከእሱ ያውቃሉ። ያንኑ ዘዴ ለአሳይመንታቸው እንዲጠቀሙበት የነገራቸው ሰው ነው የጠፋው።

ቀጥሎ ደግሞ ቁጥር አለ። የመመረቂያ ጽሑፎች የመጀመሪያ ምዕራፍ ላይ የኢትዮጵያ ሕዝብ ብዛት ሳይጠቀስ አይቀርም። አንዱ ወርልዶሜትር ከሚባል ድረ ገጽ ይወስዳል፤ ሌላው ከዓለም ባንክ፤ ሌላው ምንጩን ከማያውቀው ፒዲኤፍ። «ይህ ቁጥር ከምን ተነሥቶ መጣ?» ብዬ ስጠይቅ መልስ የለም። የመጨረሻው የሕዝብና ቤት ቆጠራችን የተካሄደው በ1999 ዓ.ም. ነው፤ አፋርና ሶማሌ ክልል ደግሞ በ2000 ዓ.ም. መጀመሪያ። በዚያ ቆጠራ 73.75 ሚሊዮን ገደማ ሆነን ተገኘን። አራተኛው ቆጠራ ተራዝሞ ቀርቷል። ስለዚህ ከዚያ ወዲህ ያለው ሁሉ ትንበያ ነው። የተባበሩት መንግሥታት ግምትና የራሳችን የስታቲስቲክስ አገልግሎት ግምት ደግሞ ከ10 ሚሊዮን በላይ ይለያያሉ። ይህን ያወቀ ተማሪ «የሕዝባችን ቁጥር ይህ ነው» ብሎ አይጽፍም። «በእገሌ ግምት፣ በዚህ ዓመት፣ ይህን ያህል» ብሎ ይጽፋል። በእነዚህ ሁለት ዓረፍተ ነገሮች መካከል ያለው ልዩነት አንድ ዲግሪ ያወጣል ብዬ አምናለሁ። አባቶቻችን ነገርን ከሥሩ ውኃን ከጥሩ ያሉት ይህንኑ ነው።

የዘመን አቆጣጠራችንም ራሱን የቻለ ጣጣ አለው። ልጆቹ በእንግሊዝኛ ሲጽፉ «የ1999ኙ ቆጠራ» ይላሉ። ውጭ ያለ አንባቢ በፈረንጆቹ 1999 ይመስለዋል። በዚያ ዓመት ቆጠራ አልነበረም። በ1985 ዓ.ም. የታተመ የአማርኛ መጽሐፍ በእንግሊዝኛ ጽሑፍ ውስጥ 1985 ተብሎ ይገባል። ሰባት ስምንት ዓመት ወደ ኋላ ሄደ ማለት ነው። መጽሐፉ የተጻፈው ከ1983 የመንግሥት ለውጥ በኋላ ሆኖ ሳለ በደርግ ዘመን የተጻፈ ሊመስል ይችላል። ለታሪክ ተማሪ ይህ ትንሽ ስህተት አይደለም።

ስማችንስ? ይህ ነገር ሁልጊዜ ያንገበግበኛል። የፈረንጆቹ ሥርዓት የቤተሰብ ስምን ያስቀድማል። እኛ የቤተሰብ ስም የለንም፤ የአባት ስም ነው ያለን። የታሪክ ምሁሩን ባሕሩ ዘውዴን ተማሪው «ዘውዴ፣ ባ.» ብሎ ይጽፋቸዋል። ሥራው የባሕሩ ሆኖ ሳለ ምስጋናው ለአባትየው ሄደ። ሌላው ተማሪ «ባሕሩ፣ ዘ.» ይላል። ሦስተኛው ሙሉ ስሙን ይጽፋል። አንዱ ሰው በአንድ ዲፓርትመንት ጽሑፎች ውስጥ ሦስት ሰው ሆነ። በተቃራኒው የማይዛመዱ አራት ሰዎች አባታቸው ከበደ ስለሆነ ብቻ አንድ ላይ ተደርድረው እንደ ወንድማማች ይታያሉ። የኢትዮጵያ ጥናት የቆየ ልማድ የኢትዮጵያዊን ስም በራሱ ስም ማስገባት ነው። የአሜሪካው የኮንግረስ ቤተ መጻሕፍት እንኳን ባሕሩን በባሕሩ ነው የመዘገባቸው። እኛ አዲስ አበባ፣ ጎንደር፣ ጅማ ተቀምጠን የራሳችንን ሰው በአባቱ ስም እንቀብራለን። ተማሪውን መውቀስ አልፈልግም። የተሰጠው መመሪያ የተተረጎመ መመሪያ ነው፤ ስለ እሱ ስም የሚያውቀው ነገር የለም።

ከዚህ ጋር የሚሄድ ሌላ ስሜትም አለ። ብዙ ልጆች የአማርኛ ምንጭ ምንጭ አይመስላቸውም። አዲስ ዘመን ከ1933 ዓ.ም. ጀምሮ ይታተማል። የአንድ ከተማን የውኃ ችግር ለሚያጠና ልጅ የድሮ እትሞቹ ትልቅ ሀብት ናቸው። ልጁ ግን እሱን ትቶ ስለ ሌላ አህጉር የተጻፈ የእንግሊዝኛ ብሎግ ይጠቅሳል። «አማርኛ መጥቀስ ይቻላል እንዴ?» ብሎ የጠየቀኝ የአራተኛ ዓመት ተማሪ አለ።

«ልጆቹ የሚያነቡት የላቸውም» የሚባለውንም እሰማለሁ። ኔትወርኩ ይቆራረጣል፤ መብራት ይሄዳል፤ ዋይፋዩ ዶርም አይደርስም። እውነት ነው። በየቀኑ የምኖረው ነው። ግን ያለንንም አልነካነውም። የጤና መጽሔቶችን ለታዳጊ አገሮች የሚያቀርበው ሂናሪ በዓለም ጤና ድርጅት በኩል በ2002 እ.ኤ.አ. ከተጀመረ ብዙ ዓመት ሆኖታል። ዛሬ ሪሰርች ፎር ላይፍ በሚባለው ጥላ ሥር የጤናው፣ የግብርናው፣ የአካባቢው፣ የቴክኖሎጂውና የሕጉ ክፍል አለ። ሀብታም አገር ያሉ ዩኒቨርሲቲዎች በውድ የሚገዟቸውን መጽሔቶች የኢትዮጵያ ተቋማት ያለ ክፍያ ያነባሉ። የይለፍ ቃሉ ግን የት ነው? በስንቱ ቤተ መጻሕፍት በአንድ ሰው መሳቢያ ውስጥ ወረቀት ላይ ተጽፎ ተቀምጧል። ልጁ ደግሞ ቴሌግራም ላይ ለማያውቀው ሰው ብር ልኮ ያንኑ ፒዲኤፍ ይገዛል። የአፍሪካ መጽሔቶችን የሚያሰባስበው ኤጆል አለ። የአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ የማስተርስና የዶክትሬት ጽሑፎች ማከማቻ ክፍት ነው። ከጊቢ በር ላይ «ሪሰርች እንሠራለን» የሚል ወረቀት የለጠፉት ሱቆች ገበያ ያገኙት ልጆቻችን ሰነፍ ስለሆኑ አይደለም። መንገዱን ያሳያቸው ስለሌለ ነው።

የሊንክ ነገርም አለ፤ በአጭሩ ልለፈው። የአሜሪካው ፒው የጥናት ማዕከል በ2024 እ.ኤ.አ. ባወጣው ጥናት፣ በ2013 ከነበሩ ድረ ገጾች 38 በመቶው ከአሥር ዓመት በኋላ አይገኙም። እኛ ጋ መሥሪያ ቤት ስሙ ሲቀየር ገጹም አብሮ ይጠፋል። የሳይንስና ከፍተኛ ትምህርት ሚኒስቴር ከ2011 እስከ 2014 ዓ.ም. ብቻ ነበር የኖረው፤ ሰነዶቹን ግን ብዙ ሰው ጠቅሷቸዋል። ተማሪው የጠቀሰውን ገጽ የድረ ገጾችን ቅጂ በሚያኖረው ዌይባክ ማሽን ላይ እንዲያስቀምጥ፣ ያየበትንም ቀን እንዲጽፍ ማሳየት አምስት ደቂቃ አይፈጅም።

አሁን ወደ ጥያቄዬ ልምጣ።

የፍሬሽማን የጋራ ኮርሶች ከ2012 ዓ.ም. ጀምሮ ተመልሰዋል። ሎጂክና ክሪቲካል ቲንኪንግ አለ። ኮሚዩኒኬቲቭ ኢንግሊሽ አለ። ኢመርጂንግ ቴክኖሎጂ አለ፤ ስለ አርቴፊሻል ኢንተለጀንስ ምንነትም ይማሩበታል። አንድን አባባል ተከትሎ ምንጩ ድረስ መድረስን የሚያለማምድ ራሱን የቻለ ኮርስ ግን የለም። ሪሰርች ሜተድስ በብዙ ዲፓርትመንት የሚመጣው መጨረሻ አካባቢ ነው፤ ጊዜውም በናሙና አወሳሰድና በመጠይቅ ያልቃል። አዲስ ኮርስ ፍጠሩ አልልም፤ ተማሪው ላይ የተጫነው ይበቃዋል። ካሉት ኮርሶች ውስጥ ስድስት ወይም ስምንት ሰዓት ስጡን። በዚያ ሰዓት ሌክቸር አይሰጥ። ተማሪው ከፌስቡክ ወይም ከዜና አንድ አባባል ይዞ ይምጣ፤ መጀመሪያ የተናገረው ሰው ወይም የተጻፈበት ሰነድ ጋ እስኪደርስ ይከታተለው፤ ያገኘውን በአንድ ገጽ ይጻፍ። ማርክ ይያዝበት። ማርክ ካልተያዘበት ማንም እንደማይሠራው ሁላችንም እናውቃለን።

ይህን ሰዓት የሚያስተምር ሰው ደግሞ ቤቱ ውስጥ አለ። የቤተ መጻሕፍት ባለሙያን መጽሐፍ ጠባቂ አድርጎ ማየት ይብቃ። ክፍል ገብቶ ያስተማረበት ሰዓት እንደ ማንኛውም መምህር ይቆጠርለት።

የመመረቂያ ጽሑፍ መመዘኛውንም እንድታዩት እለምናለሁ። «ቢያንስ ይህን ያህል ሪፈረንስ» የሚል ልማድ ያለባቸው ዲፓርትመንቶች አሉ። ልጁን ወደ ፈጠራ የሚገፋው አንዱ ይህ ነው። 12 ይሁን፤ ግን 12ቱንም ያንብባቸው። ፈታኙ ዲፌንስ ላይ ሦስቱን በዘፈቀደ ይምረጥና ተማሪው እዚያው ከፍቶ ያሳይ፤ ኔትወርክ ከሌለ ያወረደውን ፋይል ያሳይ። ይህ ከታወቀ ቴሌግራም ላይ የተገዛ ሪሰርች ገበያው ይቀዘቅዛል።

በመጨረሻም ሁሉም ዩኒቨርሲቲ የሚሠራበት አንድ አጭር የአገር ውስጥ መመሪያ ያስፈልገናል። የኢትዮጵያዊ ስም እንዴት ይገባል? ዓ.ም. እና እ.ኤ.አ. እንዴት ጎን ለጎን ይጻፋሉ? የአማርኛ፣ የአፋን ኦሮሞ፣ የትግርኛ፣ የግዕዝ ጽሑፍ እንዴት ይጠቀሳል? ስማቸው ያልታወቀ አዛውንት የነገሩን ታሪክስ? አርቴፊሻል ኢንተለጀንስ የተጠቀመ ተማሪ ለምን እንደተጠቀመበት የት ይግለጽ? ለዚህ የውጭ አማካሪ አያስፈልግም። የኢትዮጵያ ጥናትና ምርምር ተቋም ከ1955 ዓ.ም. ጀምሮ ሲሠራበት የኖረ ልምድ አለ። የቋንቋ፣ የታሪክና የቤተ መጻሕፍት ሰዎች አንድ ሳምንት ቢቀመጡ ይጨርሱታል።

ያቺ ልጅ 9ኙን አወጣች። በ11 ቀን ውስጥ ኤጆልንና የሪሰርች ፎር ላይፍን የግብርና ክፍል አብረን ፈተሽን። ስለ አካባቢው መስኖ የተጻፉ 4 እውነተኛ ጥናቶች አገኘች፤ አንዱ የራሷ ወረዳ ላይ የተሠራ ነው። ያንን ስታገኝ ያሳየችኝን ፊት አልረሳውም። ዝርዝሯ ከ31 ወደ 26 ወረደ። ዲፌንስ ላይ ስለ እያንዳንዱ ተናገረች።

እኔ በበኩሌ ዘንድሮ ረቡዕ ረቡዕ ከቀኑ 10 ሰዓት ላይ ፈቃደኛ የሆኑ ፍሬሽማኖችን እሰበስባለሁ። በ12 ልጆች ጀመርን። አሁን ወንበር አይበቃም፤ ከንባብ ክፍሉ እያመጣን ነው የምንቀመጠው። ከእናንተ ማንም ቢመጣ ያለ ቀጠሮ እናስተናግዳለን። ላፕቶፕ ካላችሁ ይዛችሁ ብትመጡ ይረዳናል፤ እኛ ጋ የሚሠሩት ሰባት ኮምፒውተሮች ብቻ ናቸው።

ከሰላምታ ጋር፣

አንድ የዩኒቨርሲቲ ቤተ መጻሕፍት ባለሙያ

ግልባጭ፦
ለዩኒቨርሲቲ ቤተ መጻሕፍት ኃላፊዎች
ለፍሬሽማን ኮርስ አስተባባሪዎች
ለዘንድሮ ጂሲዎች